ሐይቅ ውሎ ለመምጣት፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ጊዜ ስለ ሌላ ጉዳይ ስጽፍ «ቅዳሜ ሐይቅ ወርጄ፣ በጀልባ ዞሬ፣ ዓሣ በልቼ መጣሁ» የምትል አንዲት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ሰው ሁሉ ዋናውን ጉዳይ ትቶ ስለ ጀልባው ጠየቀኝ። እሰይ! በዓል እየመጣ ነው፤ ከአዲስ አበባም ከዓረብ አገርም ዘመድ ይገባል። ደሴ ቤት ተቀምጦ የጦሳን ተራራ ጭጋግ ከማየት ሐይቅ መውረድ ይሻላል። ሐይቅ የምለው በደሴ አቅራቢያ ያለውን ሐይቅና በስሙ የምትጠራውን ከተማ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ የሚመሳሰሉትን አጣምሬ አቅርቤያለሁ።

«የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ለዒድ እህቴ ከነልጆቿ ከጅዳ ትመጣለች። ስድስት ነን። ሐይቅን፣ አርዲቦ ሐይቅን፣ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም፣ ስንመለስ ደግሞ የደሴን ገበያ በአንድ ቀን ማየት ይቻላል? ስንት ሰዓት እንነሳ?»

አብሽሪ እህቴ፣ ይቻላል። ግን ማታ ሁላችሁም ተኮራርፋችሁ ነው የምትገቡት። ከዘረዘርሽው ግማሹን ሰርዢው።

መንገዱን አስቢው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ሐረጎ የሚባለው ዳገት አለ። ከፊት የጫነ መኪና ከገጠማችሁ ዳገቱን እየተንፏቀቃችሁ ነው የምትወጡት። ከደሴ ሐይቅ ደግሞ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱ ቁልቁለት ይበዛዋል። ኮምቦልቻ ቆላ ቀመስ ናት፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተሰቅላለች፣ ሐይቅ እንደገና ዝቅ ይላል። ከጅዳ ሙቀት የመጡ ልጆች ይህን ሁሉ ወጥተው ሲወርዱ ጆሯቸው ይደፈናል፣ አንዱም ሳያስመልሰው አይቀርም። ጥቁር ፌስታል በእጅ ይያዝ።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከኮምቦልቻ እነሳለሁ። ደሴ ላይ ቁርስ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሐይቁ ዳር። 3 ተኩል ላይ ጀልባ፤ ከአምስት በፊት መውረድ። ከዚያ በኋላ ምንም! ምንጣፍ ዘርግታችሁ ጥላ ሥር ቁጭ በሉ። ልጆቹ ወፍ ይቁጠሩ፣ ትልልቆቹ ወሬ ይጠርቁ። ሰባት ሰዓት ላይ ዓሣ፣ ዘጠኝ ላይ ጉዞ ወደ ቤት። ገበያው ለሌላ ቀን ይቆይ። እህትሽ የናፈቃት ሱቅ አይመስለኝም፤ ሱቅማ ጅዳ ሞልቷል።

ጠዋት የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት ውሃው እንደ መስታወት ተኝቶ ይጠብቃችኋል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ትንንሾቹ ሞገዶች ጀልባዋን ከጎን ጥፊ ጥፊ ያደርጓታል፤ የመዝናናቱ ነገር እዚያ ላይ ያበቃል።

የራሳችሁ መኪና ከሌላችሁ ከደሴ መናኸሪያ ወደ ሐይቅ ከተማ ሚኒባስ አለ። ከተማዋ ላይ ወርዶ እስከ ውሃው ዳር በባጃጅ ነው። ለስድስት ሰው ግን ሚኒባስ ተኮናትሮ መሄድ ሳያዋጣ አይቀርም። ከመነሳታችሁ ዋዜማ ደግሞ ሐይቅ ወዳለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

«ባለቤቴና እኔ ገና ተጋብተን ነው። በጀልባ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ መሻገር አምሮናል። ሴት አይገባም የሚሉት እውነት ነው?»

እውነት ነው። የወንዶች ገዳም ነው፣ ሴት አትገባም። በር ላይ ደርሳችሁ ከመከራከር አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል፤ አባቶችም ይከፋቸዋል፣ ሚስትህም ትከፋለች።

ቦታው ድሮ ደሴት ነበር። ውሃው እየሸሸ ሄዶ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል፤ ስለዚህ በእግርም ይደረሳል። በውሃ መሄድ ግን ሌላ ነው። ዛፍ የዋጠው ጉብታ ቀስ እያለ ወደ አንተ ሲመጣ ታያለህ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ቤታቸውን ያቆሙት እዚያ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ለዓመታት ተምረዋል። ይኩኖ አምላክም ከመንገሡ በፊት የአባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር ነበር ይባላል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በፈረንጆች 1280 ገደማ አስጽፈው ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል ቀናቸው በውል ከሚታወቁት የአገራችን ጥንታዊ ብራናዎች አንዱ ነው። ይህን ሁሉ እያወቀ ሰው ሚስቱን ውጭ አቁሞ ብቻውን ገብቶ ይወጣል? ይገባል፣ ምን ችግር አለው። ግን ሁለት ሰዓት አይቆይ!

እኔ የምመክርህ ይኸውልህ። ባለጀልባውን «ገዳሙን በውሃ ዙረን» በለው። ከጀልባ ላይ ሆኖ ማየት ማንም አይከለከልም፤ ሁለታችሁም እኩል ታያላችሁ። መግባት ከፈለግህ ሌላ ቀን ከአባትህ ወይም ከወንድምህ ጋር ሂድ። ኅዳር 26 የአባ ኢየሱስ ሞዓ በዓል ነው። የዚያን ቀን ሰው ይበዛልና ለመዝናናት ሳይሆን ለመሳለም ብለህ ሂድ። ስትገባ ነጠላ አጣፋ፣ ፎቶ ከማንሳትህ በፊት አስፈቅድ፣ ስልክህን ጸጥ አድርግ።

«ስንት ነው የሚያስከፍሉት? እንዳንበላ!» *(ይህን አምስት ሰው ጠይቋል)*

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ ብጽፈው ለበዓል ሌላ ይሆናል፤ ያኔ በእኔ ትፈርዳላችሁ። አነጋገሩን ግን ልንገራችሁ፤ እኔ የተማርኩት ከስሬ ነው።

አንድ ጊዜ፣ የት እንደሆነ ይቅር፣ ከአንድ ባለጀልባ ጋር ተስማምተን ተሳፈርን። ጎበዝ ልጅ ነው፣ እየቀዘፈ ያጫውተናል። ማዶ ደርሰን ወርደን፣ ፎቶ ተነስተን ስንመለስ «የመመለሻውስ?» አለ። «እንዴ! ተስማምተን የለም?» «የተስማማነውማ የመሄጃውን ነው።» ዋና አልችልም። ከፈልኩ።

ስለዚህ እግራችሁ ጀልባ ሳይነካ አራት ነገር ጠይቁ። ዋጋው በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ በጀልባ? ደርሶ መልስ ነው? ስንት ደቂቃ? ማዶ ብንወርድ መጠበቂያ ይታሰባል? መልሱን አንድ ሌላ ሰው እየሰማ ቢሆን ጥሩ ነው። ሒሳቡን ስትመለሱ ክፈሉ። ልጁ በደንብ ካንሸራሸራችሁ ደግሞ ጉርሻ አትሰስቱ፤ ፀሐይ ላይ መቅዘፍ ቀልድ አይደለም።

«እናቴ "እኔ ውሃ ላይ አልወጣም፣ ከፈለጋችሁ ቅበሩኝና ሂዱ" ትላለች። እንዴት እናሳምናት?»

አታሳምኗት። ዳር ላይ ጥሩ ወንበር፣ ጥላ፣ አንድ የምታዋራት ሰው ስጧት። ምናልባት እናንተ በሰላም ስትመለሱ አይታ «እስቲ ትንሽ ብቻ» ትላለች። ካላለችም ዳሩ ያምራል። እናቴን አንድ ዓመት ለምነን ለምነን አሳፍረናት፣ መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና «ማርያም፣ ማርያም» ስትል ሄዳ መጣች። ምን አየች? ምንም።

«ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አራትና ሰባት ዓመታቸው ነው። ላይፍ ጃኬት ይሰጣሉ ይባላል። ያንን ካለበሱ በቂ ነው?»

ጃኬቱ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ ልኩ መሆን አለበት። የትልቅ ሰው ጃኬት የለበሰ ሕፃን ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ጃኬቱ ይንሳፈፋል፣ ልጁ በሥር ይሾልካል። መፈተኛው ቀላል ነው። ልጁን አልብሰህ ዘለበቱን ሁሉ ዝጋ። ከዚያ ጃኬቱን በሁለቱ ትከሻዎች ይዘህ ወደ ላይ ሳብ። አገጩንና ጆሮውን አልፎ ከወጣ አይሆነውም፣ ሌላ አምጡ በል። የሚሆን ከሌለ የአራት ዓመቱ ልጅ ከአያቱ ጋር ዳር ይቆይ። ያለቅሳል፤ ያልቅስ። ሐይቁ መሀሉ ላይ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ እንደ ገንዳ አትየው።

አንተም ልበስ። «እኔ ዋና እችላለሁ» የሚል አባት አይቻለሁ፤ ጫማ፣ ጂንስና ጃኬት ለብሶ ዋናተኛ የለም። ባለጀልባው ከልክ በላይ ሰው ሲጭን ካየህ ደግሞ ሳታፍር ውረድ። ለበዓል ቀን ይህ ያጋጥማል።

«መዋኘት ይቻላል?»

እኔ አልዋኝም፤ አለመቻሌ አንድ ነገር ነው። ሌላው ቢልሃርዚያ ነው። በሐይቅ አካባቢ ተማሪዎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች በሽታው ተገኝቷል። ትሉ የሚኖረው ዳር ዳር ሣር ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ላይ ነው። ከዚያ ወጥቶ በውሃው ውስጥ የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ዋናው ብቻ ሳይሆን «እግሬን ልንከር» ብሎ ዳር ላይ መቆምም ያጋልጣል። ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ የሚረጫችሁ ጠብታ ብዙ አያሳስብም፤ ጠረግ አድርጉት። የተጠበሰ ዓሣ መብላት ቢልሃርዚያ አያመጣም፤ እሱንም የጠየቀ አለ። ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይም ሆድ ቁርጠት ከተሰማው ጤና ጣቢያ ሄዶ «ሐይቅ ገብቼ ነበር» ብሎ ይንገር። መድኃኒት አለው።

«አባቴ "በእኛ ጊዜ ውሃው ጥርት ያለ ነበር፣ አሁን አረንጓዴ ሆነ" ይላሉ። እውነት ነው ወይስ የሽማግሌ ትዝታ?»

አባትህ ልክ ናቸው! ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። በፈረንጆች 1960ዎቹ መጨረሻ ሐይቁን የለኩ ተመራማሪዎች ውሃው በጣም ጥርት ያለ እንደነበር፣ ዓይን ብዙ ሜትር ዘልቆ እንደሚያይ ጽፈዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ተጨመረበት። ዓሣው ተመቸው፣ ረባ። ከዚያ በኋላ ሲለካ ውሃው ደፍርሶ፣ አረንጓዴ ሆኖ ተገኘ። የሚሰጠው ማብራሪያ ይህ ነው። ድሮ በውሃው ውስጥ ያሉ በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ነፍሳት ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን ዋቅላሚ እየበሉ ያጠሩት ነበር። ዓሣው ነፍሳቱን በላ። የሚበላው ሲያጣ ዋቅላሚው ሰፋ። ሐይቁ ደግሞ ገቢ እንጂ ወጪ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ ያ የምንወደው የዓሣ ጥብስና ያ አባትህ የናፈቃቸው ጥርት ያለ ውሃ አብረው አልሆኑም። ዓሣውን በልቼ ይህን መጻፌ ትንሽ ይከብደኛል፤ ግን በልቻለሁ።

«ዓሣው ትኩስ መሆኑን በምን እንወቅ? ለጾም ይበላል?»

ከመጠበሱ በፊት አሳዩኝ በሉ። ዓይኑ ጎላ ያለና የሚያበራ፣ ስንጥቡ ሲገለጥ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ከሆነ የዛሬ ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ስንጥቡ ቡኒ ከሆነ አመስግናችሁ ሽሮ እዘዙ። ለልጆች አምባዛ ይመረጣል፣ ትንንሽ እሾህ የለበትም። ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ በሚጥሚጣና በሎሚ ነው።

ስለ ጾሙ እኔን አትጠይቁኝ። የሚበላም የማይበላም አንድ ማዕድ ላይ አይቻለሁ። የነፍስ አባታችሁን ጠይቁ።

«ጀልባው ላይ ቡና ብናፈላስ? ለፎቶ ያምራል።»

እሳት! እንጨት ጀልባ ላይ! ሚዛኗን ስታ ጀበናዋ እግርሽ ላይ ትገለበጣለች። በፔርሙስ ይዘሽ ሂጂ። ረከቦቱን ዳር ላይ ዘርጊው፣ ፎቶውም እዚያ ያምራል።

«አርዲቦ ይሻላል ወይስ ሐይቅ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሐይቅ። ጀልባው፣ ምግቡ፣ መጓጓዣው እዚያ ይቀላል። አርዲቦ ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ አነስ ያለ፣ ጸጥ ያለ ነው፤ ውሃውም ወደ ሐይቅ ይወርዳል። እግሩ የሚታዘዝለትና ምሳውን ቋጥሮ የሚሄድ ሰው ይወደዋል። ሁለቱን በአንድ ቀን የሚለውን ሐሳብ ግን ከላይ ለኮምቦልቻዋ እህት መልሻለሁ።

«መቼ ነው ጥሩ ወቅት?»

ከመስቀል በኋላ እስከ ጥር። ክረምቱ አልቆ ተራራው ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ይላል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ከሰዓት አያስቀምጥም። ሹራብ ለደሴ፣ ኮፍያ ለሐይቅ ያዙ። ውሃ ላይ ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ፀሐዩ አይታወቅም፤ አፍንጫችሁ ተልጦ ሰኞ ቢሮ ስትገቡ ነው የሚታወቃችሁ።

«ሚኒባሱ ላይ በየትኛው ወገን ልቀመጥ?»

ከደሴ ስትሄድ በቀኝ፣ መስኮት ዳር። ሐይቁ በዚያ በኩል ነው። ስትመለስ የትም ተቀመጥ፣ መተኛትህ አይቀርም።