አንዳንዴ ጠቅ፣ አንዳንዴ ዝም፦ የቀረጻ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ በብሉቱዝ ማዳመጫ እየሰማሁ ስዘፍን ድምፄ ዘግይቶ ይደርሰኛል። የቱን ሴቲንግ ልቀይር?

መልስ፦ ማዳመጫውን ይቀይሩ። ባለ ገመድ ይሁን።

ጥያቄ፦ (ደብዳቤው ረጅም ነበር፤ አሳጥረነዋል።) ቮካልና ማሲንቆ ስቀዳ መሀል ላይ ጠቅ የሚል ድምፅ ይገባል። አንድ ቀን አለ፣ ሌላ ቀን የለም። የምቀዳበትን ፕሮግራም፣ ኩቤዝን፣ ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩ፣ ዊንዶውሱንም ቀየርኩ። ሲፒዩው 40 ፐርሰንት ላይ ነው እኮ። ላፕቶፑን ልሽጠው?

መልስ፦ አይሽጡት፤ ገዢው ነገ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ እኛው ዘንድ ይመጣል። ሦስት ጊዜ ከመጫንዎ በፊት አንድ ነገር ማጣራት ነበረብዎት፦ ጠቅታው ፋይሉ ውስጥ ገብቷል ወይስ ሲጫወት ብቻ ነው የሚሰማው? ያቺን ቦታ ሦስት አራት ጊዜ መልሰው ያጫውቱ። ቦታውን እየቀያየረ የሚመጣ ከሆነ ቅጂው ንጹሕ ነው፤ ማድረስ ያቃተው ኮምፒውተሩ ነው። ኤክስፖርት አድርገው ሲሰሙት ጠቅታው አብሮ አይመጣም።

ሁሌም እዚያው ቦታ ላይ ከሆነ ደግሞ ሞገዱን አጉልተው ይዩት። መስመሩ ድንገት ተቆርጦ ሌላ ከፍታ ላይ የሚጀምር ከሆነ ሲቀዳ የጠፋ ድምፅ አለ ማለት ነው። የተቆረጠው እርስዎ ኤዲት ባደረጉበት ጠርዝ ላይ ከሆነ 5 ሚሊሰከንድ ፌድ (ድምፁን ቀስ ብሎ ማስገባት ወይም ማውጣት) ይበቃዋል። በቃላት መሀል ክብ ክብ ያለች ትንሽ እብጠት ካዩ ግን ድምፃዊው አፉን ሲከፍት ያሰማት ናት። ውኃ ይጠጣ። ለእሷ ዊንዶውስ አይቀየርም።

ሲጫወት ብቻ ለሚሰማው መጀመሪያ በፈሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያዘጋጀውን የድምፅ መጠን፣ ያሳድጉ። በ44,100 ሄርዝ ላይ 128 ሳምፕል (የድምፅ ናሙና) ለኮምፒውተሩ 2.9 ሚሊሰከንድ ብቻ ይሰጠዋል፤ 1024 ግን 23 ያህል። ሲቀዱ 128 ወይም 256፣ ሚክስ ሲያደርጉ 1024። «ሲፒዩው 40 ፐርሰንት ላይ ነው እኮ» ብለዋል፤ አንድ ትራክ ላይ የተደረደሩ ፕለጊኖች (ድምፅ የሚያስተካክሉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) ተራ በተራ ስለሚሠሩ አብዛኛውን ጊዜ ጫናቸው በአንድ ኮር ላይ ነው የሚያርፈው፤ ሌሎቹ ኮሮች ሥራ ፈተው ያቺ አንዷ ልትሞላ ትችላለች። ከባዱን ትራክ ፍሪዝ ያድርጉት፤ ፕለጊኖቹ የሠሩት ድምፅ ተቀምጦ ስለሚጫወት ኮምፒውተሩ ያርፋል።

1024 ላይም ካልጠፋ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨሮች (ዊንዶውስን ከዕቃዎቹ ጋር የሚያገናኙ ፕሮግራሞች) ይዞራል። የትኛው ድራይቨር ኮምፒውተሩን እንደሚያዘገይ የሚያሳየውን ሌተንሲሞን የሚባል ፕሮግራም ዋይፋይ እንደበራ ለ10 ደቂቃ፣ ከዚያ ዋይፋይ አጥፍተው ለ10 ደቂቃ ያስኬዱት። የዋይፋይ ድራይቨር ጥፋተኛ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ነው። ሳውንድ ካርዱን በሀብ (የዩኤስቢ ማባዣ) ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ይሰኩት፤ በፓወር ኦፕሽን ውስጥ ዩኤስቢን እያስተኛ ኃይል የሚቆጥበውንም ሴቲንግ ያጥፉት። «አንድ ቀን አለ፣ ሌላ ቀን የለም» ላሉት ደግሞ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ዞሮ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ ያስታውሱ። ሲግልም እንዲሁ ነው፦ ጠቅታው ሥራ በተጀመረ በግማሽ ሰዓቱ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ ፋኑን ይፈትሹ።

ፋይሉ ውስጥ ለገባው፣ በፈሩና የዩኤስቢ ገመዱ ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። በእኩል በእኩል ልዩነት የሚመጣ ከሆነና ሁለት ዕቃዎች በኦፕቲካል ገመድ ከተያያዙ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ክሎክ (የሳምፕሎቹን ምት የሚጠብቀውን ሰዓት) እየተከተሉ ነው፤ አንደኛውን ተከታይ ያድርጉት።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከሳውንድ ካርዱ አንድ አውትፑት ወደ ኢንፑቱ ገመድ ይሰኩ፣ ሞኒተሪንጉን (የሚገባውን ድምፅ መልሶ ማሰማቱን) ያጥፉ፣ የማይቋረጥ ሳይን ድምፅ (እንደ ፉጨት አንድ ወጥ የሆነ) እያጫወቱ መልሰው ለ10 ደቂቃ ይቅዱት። ማሲንቆ ጠቅታን ይደብቃል፤ ሳይን አይደብቅም።

ጥያቄ፦ ትናንት የቀዳሁትን ዛሬ ስከፍት ድምፃዊቷ ቀጥና ፈጥና ትዘፍናለች። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ፕሮጀክቱ 44.1 ኪሎ ሄርዝ ላይ ነው፣ ካርዱ ግን 48 ላይ ነው የሚሠራው። ፍጥነቱ 8.8 ፐርሰንት ይጨምራል፣ ድምፁም አንድ ሰሚቶን ተኩል ያህል ይወጣል። ቪዲዮ የከፈቱበት ብሮውዘር ካርዱን ቀይሮት ሊሆን ይችላል። ዊንዶውሱንም ካርዱንም ከፕሮጀክቱ ጋር አንድ ያድርጓቸው። አደራ፣ ፒች ሺፍት እንዳያደርጉት፤ በዚያ ላይ ክራር የጨመሩ ቀን ቅኝቱ አይገጥምልዎትም። ለክሊፕ የሚሆን ሥራ ከሆነ ከመጀመሪያው በ48 ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ ክራክ የሆነ (ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ የመጣ) ፕለጊን ስከፍት አንዳንዴ ፕሮጀክቱ ይዘጋል። ሶፍትዌሩ ችግር አለበት?

መልስ፦ ሶፍትዌሩን አይውቀሱት። ፕለጊኑን ያውጡት። ሪፐር የሚባለው የቀረጻ ፕሮግራም 60 ቀን በነፃ ይሞከራል፤ አብረውት የሚመጡት ኢኩዌላይዘርና ኮምፕረሰር ለአልበም ይበቃሉ።

ጥያቄ፦ ቻርጀሩ ሲሰካ እምምም የሚል ድምፅ አለ፤ አንዳንዴ ደግሞ ጊታር ይዤ ማይኩ ከንፈሬን ሲነካኝ ይነዝረኛል።

መልስ፦ የመጀመሪያው የቀረጻ ጉዳይ ነው። ቻርጀሩን ነቅለው ይሞክሩ፣ ዕቃውን ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ ያብሩ፣ ባላንስድ ገመድ (መንገድ ላይ የሚገባ ጫጫታን የሚሰርዝ) ይጠቀሙ። እምታው የ50 ሄርዝ መብራት ነው።

ሁለተኛው ግን ቀልድ አይደለም። ዛሬውኑ ቀረጻውን ያቁሙ፣ ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተው ግራውንዱን (ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚወስደውን መስመር) ያስለኩ። እምታውን ለማጥፋት ብሎ የሶኬቱን የግራውንድ እግር መቁረጥ ወይም ሦስቱን ወደ ሁለት በሚቀይር አዳፕተር መሰካት ሰው ይገድላል። «ትንሽ ነው የሚነዝረኝ» የሚል መልስ አንቀበልም። ባለሙያው ሳያይልዎት ማይክ አይንኩ።

ጥያቄ፦ ማክ ይሻላል ዊንዶውስ?

መልስ፦ እጅዎ ላይ ያለው።

ጥያቄ፦ የሳውንድ ካርዴ የዩኤስቢ መሰኪያ ሲነካካ ካርዱ ጠፍቶ ይመጣል።

መልስ፦ ሌላ ገመድ ይሞክሩ። ካልሆነ መሰኪያው ከቦርዱ ለቋል፤ ቴክኒሻን ይበይደው።