ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ስንት ሰዓት ነው?

አዲስ የመጣችሁ ልጆች ሁሌ ይህችን ትጠይቁኛላችሁ። እዚህ አገር 26 ዓመት ኖሬያለሁ፤ ታክሲ ስነዳ ከደለስ ኤርፖርት ስንቱን ሐበሻ ከነሻንጣው እንዳመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። እንግዲህ ስሙኝ።

1. መንገዱ። በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ከደለስ በቀጥታ ሲበር 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፤ ጠዋት ተነስታችሁ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ናችሁ። መልሱ ይረዝማል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑ ነዳጁንም ሰዉንም ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል።

2. ወረቀት። ዜግነት የቀየራችሁ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ አውጡ። አለቀ።

3. አሁን ወደ ቁም ነገሩ። "ሩቅ ነው፣ ዘንድሮ ይለፍና" የምትሏትን ነገር ተዉ! እኔም እንዲሁ ስል 9 ዓመት አለፈ። መጀመሪያ ግሪን ካርድ፣ ቀጥሎ ቤት፣ ቀጥሎ የልጆች ትምህርት። እናቴ በስልክ "ደህና ነኝ፣ ብቻ አንተ ደህና ሁንልኝ" ትላለች፤ እኔ ሞኙ አምናለሁ። እህቴም "ጉንፋን ቢጤ ነው" አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በሬ ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ የአገሬ ልጆች ስድስት ሆነው ቆመዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ማንም ሳይናገር ገባኝ። ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር።

በሰዓቱ ቢነግሩኝም አልደርስም ነበር። ስንት ሌሊት አስልቼዋለሁ መሰላችሁ። ያረፈችው ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ነው፤ ወሩ ሐምሌ ስለነበር ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፣ እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት ነው። እድሩ ጡሩምባ አስነፋ፣ የዚያኑ ዕለት 9 ሰዓት ላይ ቀበሯት። ያን ጊዜ እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ አውሮፕላኑ እንኳ ገና አልተነሳም።

ከዚያማ ለአርባዋ 3,000 ዶላር ላክሁ። በሬ ታረደ፣ ሰፈሩ በላ፣ መረቀኝ። በዚያ ገንዘብ ሁለቴ ሄጄ እጇ ላይ ቡና እጠጣ ነበር።

ቤተሰብ "እንዳይደነግጥ" እያለ በሽታ ይደብቃል። ስለዚህ ጎረቤት ጠይቁ። በቪዲዮ ደውሉ። "ካሜራው ተበላሽቷል" ካሏችሁ ሌላ ጥያቄ አትጠይቁ፣ ትኬት ቁረጡ።

4. ሻንጣ። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ይፈቀዳል። ለእናት ልብስ ስትገዙ ከላካችሁት ይልቅ ራሳችሁ አልብሷት። በሰው የላክሁላትን ሹራብ ሁሉ ሳጥኗ ውስጥ ከነላስቲኩ አገኘሁት። "እሱ ሲመጣ እለብሰዋለሁ" ትል ነበር አሉ።