ሲልቪያውን ከመግዛትህ በፊት፣ ቱርቦውንም ከመቀየርህ በፊት

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ የ1996 ሞዴል ኒሳን ሲልቪያ ኤስ14፣ ባለ ቱርቦ፣ ማኑዋል ካምቢዮ፣ የሚሸጥ አግኝቻለሁ። ቆጣሪው 148,000 ኪሎ ሜትር ይላል። የፊተኛው ባለቤት ማርሚታውንና ቸርኬውን ቀይሮታል፤ ሌላ ምን እንደነካካ አላውቅም። ጠዋት ሲነሳ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ ያወጣና ይጠፋል። ጓደኞቼ ‹ጭሱ ምንም አይደለም፣ ግዛውና ትልቅ ቱርቦ ግጠምለት› ይሉኛል። የምፈልገው 300 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ገንዘቤ ግን ሁሉንም በአንዴ አያሠራኝም፣ ቀስ በቀስ ነው የምሠራው። ልግዛው? ከገዛሁስ ከምን ልጀምር?»

ወንድሜ፣ የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ላስቀድም፤ ትልቁ ቱርቦ፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ማለቴ ነው፣ መጨረሻ ላይ የምትገዛው ዕቃ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ለምን እንደሆነ ወደ ታች በቁጥር አሳይሃለሁ። መግዛት አለመግዛትህን የሚወስነው ግን ጭሱ ሳይሆን ቦዲው ነው።

ምርጫህ ጥሩ ነው። ኤስ14 እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ፣ ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ፣ በመሪው ለሾፌሩ ብዙ የሚነግር መኪና ነው። የጃፓኑ ባለ ቱርቦ ሞዴል 1,998 ሲሲ የሆነውን ኤስአር20ዲኢቲ ሞተር ይዞ በ220 የፈረስ ጉልበት ከፋብሪካ ይወጣ ነበር። ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ በቺንጋ ሳይሆን በካቴና ስለሚሠራም በየጊዜው ቺንጋ የመቀየር ጣጣ የለበትም። ነገር ግን አሁን ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። ሞተር ቢሞት ሌላ ይገባል፤ ካምቢዮም እንደዚያው። የዛገና የተጣመመ ቦዲ ግን ገንዘብህን እየበላ ይኖራል እንጂ አይድንም።

ስለዚህ መጀመሪያ ከሥር ግባ። መኪናው በሊፍት ወይም ጉድጓድ ላይ ካልታየ አትክፈል። ኮፈኑን ከፍተህ የፊት ሾክ አብዞርበሮች ከላይ የሚታሰሩበትን የብረት ጉልላት ተመልከት፤ የብየዳው ስፌት ተነፋፍቶ ወይም በማሸጊያ ማስቲሽ ተደፍኖ ካየህ ውስጡ ዝገት አለ ብለህ አስብ። ቀጥሎ ከፊት ጎማዎች ጀርባ ያለውን፣ በበሮቹ ሥር የሚሄደውን ጠርዝ፣ የኋላ ጎማ ቅስቱን፣ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ምንጣፍ ሥር ያለውን ወለል ፈትሽ። በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይዘህ ሂድ፤ ስቱኮ በበዛበት ቦታ አይዝም። ከሥር ያሉት ሁለቱ ረጃጅም የሻንሲ ብረቶች ቀጥ ያሉ መሆናቸውንም እይ። ጃክ ያለቦታው ገብቶ ያጎበጣቸው ብዙ ናቸው፤ ይህ ብዙ አያስፈራም። ወደ ጎን የተጣመመ ወይም ቆርቆሮው የተሸበሸበ ከሆነ ግን ግጭት ነው።

መኪናው በጃፓን ጨረታ የመጣ ከሆነ ሻጩን የጨረታ ወረቀቱን ጠይቀው። ደረጃው ላይ ‹አር› ወይም ‹አርኤ› ካለ ተጋጭቶ የተጠገነ ማለት ነው። በመኪናው ሥዕል ላይ ‹ኤ› ጭረት፣ ‹ዩ› ጎድጓዳ፣ ‹ደብሊዩ› የተጠገነ ወለል፣ ‹ኤስ› ዝገት ነው፤ ‹ድርብ ኤክስ› ደግሞ የተቀየረ ክፍል ነው። ከፊደሉ ጎን ያለው ቁጥር የጉዳቱን መጠን ያሳያል። የወረቀቱን ኪሎ ሜትር ከቆጣሪው ጋር አስተያይ። ወረቀት ከሌለ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የሾፌሩን ወንበር ጠርዝና የመሪውን ቆዳ እይ። እነሱ አልቀው ቆጣሪው ትንሽ የሚል ከሆነ ቆጣሪውን አትመን።

ሌላም አለ። ይህ መኪና ለድሪፍት፣ ማለትም የኋላ ጎማውን እያንሸራተቱ ለመንዳት፣ የተወደደ ስለሆነ ብዙዎቹ ተጎሳቁለዋል። የኋላ ጎማ ቅስት ውስጥ የጎማ ፍርፋሪ ተጣብቆ መቅረቱ፣ የመሪ ክንዶች ተቆርጠው መበየዳቸው፣ ስትጠመዝዝ ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) መንቋቋቱ ያንን ይናገራሉ። ዲፈረንሻሉ ውስጡ ተበይዶ ከሆነ በዝግታ ስትታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ እየተንጫጩ ይጎተታሉ።

አሁን ወደ ጭሱ። ጓደኞችህ ግማሽ ትክክል ናቸው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ወጥቶ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ብዙውን ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ መድረቅ ነው፤ ሌሊቱን ዘይት በቫልቩ ግንድ ወርዶ ጠዋት ይቃጠላል። ይህ የሚጠገን ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስም ይጠቅምሃል። ያው ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ሞቆ ቱርቦው ሲገፋ የሚወጣ ከሆነ ግን የፒስተን ፋሻ ወይም ራሱ ቱርቦው ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭስ ደግሞ ውኃ እየተቃጠለ መሆኑን ይነግርሃል፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ በሞተሩ ራስና አካል መካከል ያለውን ማሸጊያ፣ አስብ። ስለዚህ ስትሄድ ሞተሩ ቀዝቅዞ እንዲጠብቅህ አስቀድመህ ንገረው፤ ደርሰህም እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ። ሞቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። ሻጭ ሞተር አሙቆ የሚጠብቀው አብዛኛውን ጊዜ የሚደብቀው ነገር ሲኖረው ነው።

ሲነሳ ጆሮህን ከሞተሩ የላይኛው ፊት በኩል አድርግ። በኤስ14 ላይ የቫልቭ ጊዜ ማስተካከያው ጥርስ ሲያልቅ እንደ ናፍጣ ሞተር ይንቋቋል። ያናድዳል እንጂ ሞተሩን ወዲያው አይገድለውም። የዘይት ግፊት ከደረሰ በኋላም የማያቆም የካቴና መንጫጫት ግን ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው ዕቃ መድከሙን ወይም የካቴናውን ማለቅ ያሳያል። የዚህ ሞተር ትልቁ ደካማ ጎን ግን ሌላ ነው፦ ከመጠን በላይ ሲሽከረከር፣ በተለይም ማርሽ ተሳስቶ ወደ ታች ሲገባ፣ ቫልቩን የሚገፋው ትንሹ ክንድ ከቦታው ይዘላል። ስትነዳውም ይህን አትርሳ፤ የዙር መለኪያው መርፌ ቀዩ ላይ እያንኳኳ አታቆየው።

ከዚያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየር የሚጨምቅበትን ግፊት፣ አስለካ። ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላዎች ይውጡ፣ የነዳጅ ፓምፑና የእሳቱ መስመር ይቋረጥ፣ ጋዝ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ ይያዝ፣ ባትሪው የጠነከረ ይሁን። አራቱን ቁጥሮች በየሲሊንደራቸው ጻፍ። ከቁጥሮቹ ከፍታ ይልቅ የሚያሳስበኝ መቀራረባቸው ነው፤ ትልቁና ትንሹ ከ1 ባር በላይ ከተራራቁ ችግር አለ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምረህ ድገመው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። የአየር መግቢያውን ቱቦ አስፈትተህ የቱርቦውን ዘንግ በጣትህ ነካው፤ ወደ ጎን ጥቂት መወዝወዝ የተለመደ ነው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሰማ እንቅስቃሴ ግን መኖር የለበትም። ምላጮቹ ግድግዳውን ፍቀው ከሆነ አልቆለታል።

«ሌላ ምን እንደነካካ አላውቅም» ማለትህ ከጭሱ ይበልጥ ያሳስበኛል። በቴፕ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ከቱርቦው ሥር የተሰካ ትንሽ የቡስት (ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው የአየር ግፊት) ቧንቧ፣ የተከፈተ የሞተር ኮምፒውተር ሣጥን ፈልግ። የተነቀሉትን ኦሪጂናል ዕቃዎች ካሉ ከመኪናው ጋር ውሰድ፤ ኦሪጂናል ኮምፒውተሩን በተለይ። እኔ ብሆን ብዙ ነገር ከተገጠመለት መኪና ይልቅ ምንም ያልተነካውን፣ ውድም ቢሆን፣ እመርጣለሁ።

ቦዲው ንጹሕ፣ ቁጥሮቹ የተቀራረቡ ከሆኑ ግዛው። ነገር ግን ለመኪና ካሰብከው ገንዘብ አንድ ሦስተኛውን አስቀርተህ ግዛ፤ ያ ገንዘብ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

እነዚያ ወራት መኪናውን ወደ ጤናው የምትመልስባቸው ናቸው። የሞተር፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ የራዲያተር ውኃ፣ የፍሬን ዘይት፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ካንዴላ ሁሉም ይቀየር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ውኃ ያዘለ ዘይት በሙቀት ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይገባል። ቀጫጭን የአየር ቱቦዎቹን ሁሉ ቀይር፤ የቡስት መዋዠቅና ያልተስተካከለ አይድሊንግ (ጋዝ ሳይረገጥ የሚሠራበት ዙር) ብዙ ጊዜ ከአንዲት የተሰነጠቀች ቱቦ ነው የሚመጣው። የሰስፔንሽን ጎሚኒዎችም በዚህ ዕድሜያቸው ደርቀዋል። እነሱን ብቻ ለውጠህ ስትነዳው ሌላ መኪና የገዛህ ይመስልሃል። ይህን ደረጃ ዘለው ወደ ቱርቦ የሮጡ መኪናዎች ናቸው ጋራዥ ውስጥ ዓመት የሚቆሙት።

ቀጥሎ ማቆም፣ ከዚያ መታጠፍ። መኪናህን ከ100 ሳይሆን ከ140 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለማቆም ፍሬኑ የሚውጠው ኃይል እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ኃይሉ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። ለመንገድ አጠቃቀም ጥሩ የፍሬን ሸራ፣ ያልተጣመመ ዲስክ፣ አዲስ ዶት 4 ዘይትና ያልደከመ ቱቦ ይበቃሃል። ትልልቅ ካሊፐር አሁን አያስፈልግህም። ጎማህ ጎን ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር አንብብ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎማው ያረጀ ከሆነ አትመነው። ለጎማ አትሳሳ፤ ጉልበትም፣ ፍሬንም፣ መሪም መንገዱን የሚነኩት በእሱ ብቻ ነው።

ሾክ አብዞርበርና ሞላ ስትቀይር መኪናውን መሬት ለመሬት አታስኪደው። ከልክ በላይ ሲወርድ የሰስፔንሽን ክንዶቹ ወደ ላይ ያዘነብላሉ፣ ጉድጓድ ላይ መሪው በራሱ ይዞራል። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከፊት ካምበሩን (የጎማው አናት ዝንባሌ) ወደ ውስጥ 1.5 ዲግሪ ያህል፣ ቶውን (የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞር) ወደ ዜሮ አስጠግተህ አላይመንት አሠራ።

አሁን ቃል ወደገባሁልህ ስሌት። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ወደ 250 ግራም ነዳጅ ይፈልጋል። ለ300 ፈረስ 75 ኪሎ፣ ማለትም 100 ሊትር በሰዓት ገደማ ነው። ለደቂቃ ሲሰላ 1,667 ሲሲ፣ ለአራት ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው ዕቃ) ሲካፈል ለእያንዳንዱ 417 ሲሲ ይሆናል። ኢንጀክተር ደግሞ ከአቅሙ 80 በመቶ ላይ እንዲሠራ ነው የሚፈለገው፤ ስለዚህ 520 ሲሲ አካባቢ የሆነ ያስፈልግሃል፤ ገበያ ላይ 550 ሲሲ ታገኛለህ። የኤስ14 ኦሪጂናል ኢንጀክተር 370 ሲሲ ነው። በ85 በመቶ ቢሠራ እንኳ የሚመግበው 226 ፈረስ ገደማ ነው፤ ፋብሪካው በ220 ያቆመው ጫፉ ላይ ሆኖ ነው። ኒሳን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1999 በተከታዩ ሞዴል በኤስ15 ጉልበቱን ወደ 250 ሲያሳድግ ከቱርቦው ጋር ኢንጀክተሩንም ኮምፒውተሩንም ለውጧል።

እንግዲህ ትልቅ ቱርቦ ብቻ ስትገጥም አየሩ ይጨምራል፣ ነዳጁ አይጨምርም። ድብልቁ ይሳሳል፣ ሙቀቱ ይንራል፣ ነዳጁ ከጊዜው በፊት ይፈነዳል፣ ፒስተኑ ጠርዙ ይሰበራል። ለዚህ ጥቂት ሰከንዶች ይበቃሉ።

ስለዚህ በሞተሩ በኩል የመጀመሪያ ግዢህ መለኪያ ይሁን፦ የአየርና የነዳጅ ድብልቅ የሚያሳይ ዋይድባንድ፣ የቡስት፣ የዘይት ግፊትና የዘይት ሙቀት ጌጅ። ቡስት ላይ ሆነህ ድብልቁ ከ11.5 እስከ 12 ለ1 አካባቢ መሆን አለበት፤ ወደ 13 እየሄደ ካየህ እግርህን አንሳ። ቀጥሎ ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ የፊት ኢንተርኩለርና በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ የነዳጅ ፓምፕ። ከዚያ ኢንጀክተር፣ የአየር መለኪያ ሴንሰርና የኮምፒውተር ማስተካከያ ሦስቱ አንድ ላይ፤ ተለያይተው አይገጠሙም። ማስተካከያውን ዳይኖ (የመኪናውን ጉልበት የሚለካ ማሽን) ላይ፣ ሁልጊዜ በምትቀዳው ነዳጅ አሠራ። ጥሩ ነዳጅ ላይ የተስተካከለ ሞተር ዝቅተኛ ኦክቴን ሲቀዳለት ይጎዳል። ፍሪሲዮኑ በዚህ ጊዜ መንሸራተት ከጀመረ ይቀየር። ቱርቦው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ፤ ያኔ 300 ፈረስ ለዚህ ሞተር ከባድ ሸክም አይሆንም።

አንዱን ለውጠህ ሳትነዳው ሌላውን አትግጠም። ሦስት ነገር በአንድ ቅዳሜ ገጥመህ እሑድ ሞተሩ ቢንቀጠቀጥ የቱ እንደሆነ ማን ያውቃል? የለወጥከውን፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በደብተር መዝግብ። ለውጦቹ በምትኖርበት አገር የተሽከርካሪ ምርመራ የሚያልፉ መሆናቸውንም ቀድመህ ጠይቅ፣ ለኢንሹራንሱም አሳውቅ፤ ያልተነገረው ለውጥ ካሳ ሊያስከለክልህ ይችላል።

ለአሁኑ ከሊፍት በታች የተነሡ ፎቶዎችና የአራቱን ሲሊንደሮች የኮምፕሬሽን ቁጥሮች ላክልኝ። ጭሱ ሲሞቅና ቡስት ላይ ሲሆንም መውጣት አለመውጣቱን ጨምረህ ጻፍልኝ። እነሱን ሳላይ ቀብድ አትስጥ።