ዳገቱን እንውጣ ወይስ እዚሁ እንቅር?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የደሴ ልጅ ነኝ፤ ዕድሜዬ 66። በ1975 ከአገር ወጥቼ ዕድሜዬን የፈጀሁት ቶሮንቶ ነው። ባለቤቴ የትሪኒዳድ ሰው ነው፤ ሰባ ሞልቶታል። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የስፌት መኪና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ወጣ። ልጅ አልወለድንም።

አምና ታኅሣሥ ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ላስገባ መጥተን ድሬዳዋ አራት ሌሊት አደርን። ማታ ማታ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ቁጭ ብለን ነፋሱ ሲመጣ፣ ሁለታችንም በልባችን «እዚህ ነው» አልን። ዘንድሮ መስከረም ላይ ጓዛችንን ጠቅልለን መጣን። ለእሱ አገሩ አዲስ ነው። እውነቱን ለመናገር ለእኔም ብዙ አይለይም፤ ምሥራቁን አላውቀውም ነበር። የባጃጁ ልጅ በመጀመሪያው ቀን «አንቺ፣ ወዴት ነሽ?» ሲለኝ በዚህ ዕድሜዬ ምን ሆኖ ነው ብዬ ደንግጫለሁ።

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ከተከራየን ስምንት ወር ሆነን። ግቢው ጥሩ ነው፤ ጎረቤቴ እንደ እህት ናት። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ሜዳ መሆኑ ተስማምቶኛል። ባለቤቴ ግን ከሚያዝያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆኗል። ደሴት ላይ የተወለደ ሰው ሙቀት ይችላል ብዬ ነበር፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ከቤት አይወጣም። ከሰዓት ሰፈሩ ጭር ሲል፣ ወንዱ ሁሉ በርጫው ላይ ሲሰየም፣ እሱ ቬንትሌተር ሥር ተጋድሞ ጣሪያ ያያል። ገበያም ባንክም ሐኪም ቤትም እኔ ካልወሰድኩት አይሄድም። አማርኛው «አመሰግናለሁ» ላይ ቆሟል።

ባለፈው ወር ልቡ ይፍታታ ብዬ ሐረር ወሰድኩት። ጀጎል ውስጥ ትንሽ እንደሄድን ጉልበቴ እምቢ አለኝና ፈረስ መጋላ ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ። እሱ «አንዴ ዞር ብዬ ልምጣ» ብሎ ሄደ። ሦስት ሰዓት! ስልኩ አይነሳም። በስንት ጥየቃ ያገኘሁት መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ዘንድ ነው። መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ የአንድ ሽማግሌ የሲንጀር መኪና ፈታቶ፣ ጣቱ ሁሉ ዘይት በዘይት ሆኖ! ሰው ከቦታል። ጥቁር ስለሆነ አገሬው መስሏቸው በኦሮምኛ ያወሩታል፤ አንድም አይገባውም፣ ግን ይስቃል። በሰው ፊት ተቆጥቼው እጁን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወሬው ሁሉ «ሐረር እንግባ» ነው።

እኔ ደግሞ እዚሁ ሳቢያን የሚሸጥ ቤት አግኝቻለሁ። ደላላው «በዚህ ሳምንት ቀብድ ካልተከፈለ ለሌላ ይሄዳል» ይለኛል። ቢጫ ካርድ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ስላለኝ በስሜ መግዛት እችላለሁ። ሐረር ዳገት ነው፣ ውሃ ይጠፋል፣ አውሮፕላን የለም። እሱ ደም ግፊት አለበትና ቢታመምብኝስ? ሆስፒታሉ ያለው እዚህ ነው። ካናዳን እንዳናስብ ደግሞ የኦንታሪዮ የጤና መድን እንዳይቋረጥ በዓመት 153 ቀን እዚያ መገኘት ያስፈልጋል፤ መመላለሱ ደግሞ አቅም ይጠይቃል። ዕድሜያችን ለሙከራ አይደለም። የት እንቅር?

ዳገቱ የከበዳት፣ ከሳቢያን

* * *

እህቴ፣ «አንቺ» ስልሽ እንዳትቀየሚኝ። ድሬ ላይ አንቱታ የሚሰጠው ለእንግዳ ነው፤ እሱም ለደህና እንግዳ። የባጃጁ ልጅ «አንቺ» ያለሽ ቀን ከቤተኛ ቆጥሮሻል።

አስቀድሜ አድልዎዬን ልናዘዝ። የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ከዚራ ነው። ድሬ ራሷ የተወለደችው ባቡሩ የሐረርን ዳገት መውጣት ስላልሆነለት ነው። በ1895 ሐዲዱ ሜዳው ላይ ሲደርስ ከተማይቱን «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር። ዳገት የከበደው ሰው እኛ ጋ ቢቀር ወግ ነው፤ አባቶቻችንም እንዲያ ነው የቀሩት። ደብዳቤሽን ስጀምረው ልልሽ ያሰብኩትም ይህንኑ ነበር። መኪና ግርግር ላይ ስደርስ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ።

ድሬን ያየሻት በታኅሣሥ ነው። በታኅሣሥ ድሬን ያልወደደ ሰው አላጋጠመኝም። አሁን ግንቦት ነው፤ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፣ ሰኔም አያዝንልሽም። እኛ የለመድነው ሙቀቱን ችለነው እንዳይመስልሽ፤ ሰዓታችንን ለውጠንለት ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል፣ አሥር ሰዓት ላይ ከተማው ይነቃል፣ ማታ ሁሉም ደጅ ነው። መሃሉን በሰው ነው የምናሳልፈው፤ የሚቅመው በጫቱ፣ የማይቅመው በወሬው። ባልሽ አይቅምም፣ ወሬውም አይገባውም። ያንን አራት ሰዓት ብቻውን ጣሪያ እያየ ለሚገፋ ሰው፣ በባሕር ነፋስ ላደገ ሰው ደግሞ፣ ቬንትሌተር ምን ያደርግለታል?

አንቺ እንደ ጥፋት የቆጠርሽበትን ቀን መልሰሽ እይው። መኪና ግርግር ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። ዕድሜውን ሁሉ በዚያ ድምፅ መሃል የኖረ ሰው ጀጎል ውስጥ ጆሮው መራው፣ ሄደ፣ ተንበረከከ። አስተርጓሚ አልፈለገም፤ አንቺንም አልፈለገም። ስምንት ወር ሙሉ ባንክና ሐኪም ቤት እጁን ይዘሽ የምትወስጂው ሰው፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ሽማግሌ ወዳጅ፣ ሥራና ሳቅ አገኘ። የተቆጣሽው ስለጠፋብሽ ነው፤ ይገባኛል፣ እኔም እቆጣ ነበር።

አንድ የሚከብድ ነገር ልጠይቅሽ። «እሱ ቢታመምብኝስ» ብለሻል። አንቺ ቀድመሽ ብትሄጂስ? ሳቢያን ውስጥ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያንቺ ወዳጅ በሆነበት ግቢ፣ «አመሰግናለሁ» ብቻ ይዞ የሚቀረው ሰባ የሞላው ሰው እሱ ነው። አንቺ በአማርኛሽ ድሬም ሐረርም አትቸገሪም። ስለዚህ ከተማውን ለሁለታችሁ ብቻ ሳይሆን ብቻውን ሊቀር ለሚችለው፣ ቋንቋ ለሌለው ምረጪ። እኔ ብሆን ሐረር እሞክር ነበር።

ሆስፒታሉን በተመለከተ ተሳስተሻል። እዚህ ድል ጮራ አለን፤ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ሕይወት ፋና ግን ሐረር ነው። የውሃው ነገር እውነት ነው። ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ውሃው ከእኛው ቆላ፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች፣ በፓምፕ ዳገቱን እየተገፋ ነው የሚወጣው። ባቡሩ ያልቻለውን ውሃው ቻለው፤ አንዳንዴ ግን መንገድ ላይ ይደክመዋል። ስለዚህ ሐረር ቤት ስታዪ ከሳሎኑ በፊት ሮቶውን እይ፣ ስንት ቀን እንደሚያቆይም ጎረቤቱን ጠይቂ እንጂ አከራዩን አትጠይቂ። እኛ ዘንድ ውሃው ይሻላል፤ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ግን መቼም አይተሽዋል። የወባ ትንኝና የደንጊ ነገርም አለ። በ2011 ክረምት ችኩንጉንያ ከተማውን ሲያዳርስ እኔ ሁለት ሳምንት ከአልጋ የተነሳሁት ግድግዳ ይዤ ነው። የውሃ በርሜልሽ ክዳን ይኑረው፤ ደንጊና ችኩንጉንያ የምታስይዘው ትንኝ የምትራባው እዚያ ውስጥ ነው።

ጉልበትሽን አልረሳሁትም። ጀጎል ውስጥ ኑሪ አላልኩሽም። ኮረብታው፣ ድንጋዩ፣ ጠባቡ መንገድ ላንቺ አይሆንም። ቅጥሩ በዩኔስኮ የተመዘገበ ስለሆነም እንዳሻሽ አፍርሶ መሥራት የለም። ከሸዋ በር ውጭ፣ አዲሱ ከተማ፣ ምድር ላይ ያለ ቤት ፈልጊ፤ እሱ ጠዋት በእግሩ ይግባ፣ አንቺ ዘና ብለሽ ቡናሽን ጠጪ። የደንገጎን ቁልቁለት ወርደሽ ድሬ ለመድረስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጎረቤትሽም አውሮፕላኑም አያመልጡሽም። መውጫው ላይ አየሩ ቀዝቅዞ ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት መዝጋት የሚጀምርበት ቦታ አለ፤ እዚያ ስትደርሺ የባልሽን ፊት እይው።

ግዢውን ግን የትም ይሁን ዘንድሮ እርሺው። ተከራዪ፤ ክረምቱንም በጋውንም እዩት። አከራይ የዓመት ኪራይ በአንዴ ቢጠይቅሽ፣ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ሐረር የራሷ ክልል ስለሆነች እዚያ እንዴት እንደሚሠራበት ቤቶች ጽሕፈት ቤቱን ጠይቂ።

ስለ ስም ደግሞ፤ ቢጫ ካርዱ ያንቺ ነው። በ1994 የወጣው አዋጅ ትውልደ ኢትዮጵያዊት ስለሆንሽ ቤት እንድትገዢና ያለ ሥራ ፈቃድ እንድትሠሪ ይፈቅድልሻል። ባልሽ ግን በሕግ ዓይን የውጭ ዜጋ ነው። በ2017 የውጭ ዜጎች ቤት እንዲኖራቸው የፈቀደው አዋጅ ቢያንስ 150,000 ዶላር ይጠይቃል፤ ሁለት ጡረተኞች ያንን ከየት ታመጣላችሁ? ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ጠበቃ ዘንድ ሄደሽ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ እኔ ብሞት እሱ በዚያ ቤት ላይ ምን ይኖረዋል? መልሱን በጽሑፍ አስደርጊ። የስፌት መኪና መጠገኑንም በነፃ ያድርገው፤ ገንዘብ ከተቀበለ የሥራ ፈቃድ የሚባል ነገር ይመጣል። ሻይና ሳምቡሳ ቢጋብዙት ግን ማንም አይጠይቀውም።

ደላላው «በዚህ ሳምንት» የሚለው ባለፈው ሳምንትም ብሎት ይሆናል። ካርታውን አይተሽ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት መዘጋጃ ሳታረጋግጪ ቀብድ ማለት ለማያውቁት ሰው ብር ማስቀመጥ ነው። ዛሬውኑ ደውለሽ «ተወው» በይው፤ አቦ ይመችህ ብለሽ ስልኩን ዝጊ።

ከዚያ ቅዳሜ ሐረር ውጡ። ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቂ፤ አንቺ ነሽ የምታወሪው፣ አማርኛ አያጡም። አንድ ነገር ግን ሳትጽፊልኝ ቀርተሻል። እጁን ይዘሽ ስትወጪ መኪናው ተፈታትቶ ነበር። ገጥሞት ነው የተነሳው ወይስ እንደተበተነ ቀረ?