ለኢትዮጵያ ራውቲንግ ነምበር የለም፣ ስዊፍት ኮድ ነው የምትሞይው

ከቨርጂኒያ ለእናቴ ንግድ ባንክ ብር ስልክ ፎርሙ የቅርንጫፉን ራውቲንግ ነምበር አምጪ ይለኛል ላልሽው፣ አትፈልጊው አታገኚውም። ባለ 9 አሃዙ ራውቲንግ ነምበር የአሜሪካ ባንኮች ብቻ መለያ ነው። ዶሜስቲክ ዋየር (አሜሪካ ውስጥ ብቻ የሚላክበትን) ከፍተሽ ይሆናል፣ ወደ ኢንተርናሽናል ቀይሪው የስዊፍት (የባንኩ ዓለም አቀፍ መለያ ኮድ) ሳጥን ይመጣልሻል።

እዛ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲ ቢ ኢ ቲ ኢ ቲ ኤ ኤ ብለሽ ሳታራርቂ ጻፊ። የመጀመሪያዎቹ 4 ፊደሎች ባንኩ ናቸው፣ ኢ ቲ አገሩ፣ የመጨረሻዎቹ 2 ቦታው። 11 ፊደል ካልሞላ እምቢ ካለሽ 3 ኤክስ ጨምሪበት፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። ቅርንጫፉ አያስጨንቅሽ፣ ብሩ እናትሽ ጋ የሚደርሰው በ1000 በሚጀምረው ባለ 13 አሃዝ ሂሳብ ቁጥር ነው። አይባን (አንዳንድ አገሮች የሚጠቀሙበት ረጅም የሂሳብ ቁጥር) ከጠየቀሽም ኢትዮጵያ የላትም፣ ሂሳብ ቁጥሩን ብቻ አስገቢ።

ስሙ ላይ ግን ተጠንቀቂ። እኔ ለወንድሜ ብር ስልክ ላስት ኔም ሲለኝ የአባቱን ብቻ ጽፌ የአያቱን ተውኩት፣ ከደብተሩ ጋር አልገጥም ብሎ ሦስት ሳምንት ተንጠልጥሎ ተመለሰልኝ፣ የመላኪያውንም ቆርጠውበት 😤 ደብተራቸውን ፎቶ አንስተው ይላኩልሽና እስከነ ስፔሊንጉ እሱን ገልብጪ።