ኢሜይልን ከደብዳቤ ጀምሪ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ዘንድሮ የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል አይሲቲ ተሰጠኝ። በአንድ ክፍል 50 ተማሪ አለ፤ የሚሠራው ኮምፒውተር ግን 18 ነው። ኢንተርኔቱ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ኢሜይል አጻጻፍና ወርድ ከየት ልጀምርላቸው?» ነው ያልሽው። እኔ ይህንኑ ሳስተምር 9 ዓመት ሆነኝ። የተሳሳትኩትንም ጨምሬ ልንገርሽ።

ከኮምፒውተር አትጀምሪ። ከወረቀት ጀምሪ።

በመጀመሪያው ዓመት ገና እንደገባሁ «ጂሜይል ክፈቱ» አልኳቸው። ግማሹ ስልክ ቁጥር ሲጠየቅ ቆመ። ሌላው የይለፍ ቃሉን እዚያው ረሳው። 12 ዓመት የሆናቸው ልጆች ደግሞ የልደት ዘመናቸውን እየቀየሩ ከፈቱ፤ እኔም እያየሁ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም። ጉግል ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን አካውንት እንዲከፍት አይፈቅድም፤ ወላጅ ነው በፋሚሊ ሊንክ፣ ማለትም በጉግል የወላጅ መቆጣጠሪያ፣ የሚከፍትለት። አሁን አካውንት የሚከፈተው ቤት ነው፣ ከወላጅ ጋር።

ክፍል ውስጥ የምጀምረው ከሚያውቁት ነገር ነው። ልጆቹ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ማመልከቻ መጻፍ ተምረዋል። «ለ»፣ «ጉዳዩ»፣ «ከሰላምታ ጋር» አዲስ አይሆንባቸውም። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ብታሳያቸው ደግሞ «ግልባጭ» እና «አባሪ» የሚሉትን ያገኛሉ። ኢሜይሉ ላይ ያሉት ሳጥኖች እነዚሁ ናቸው። ግልባጭ የሚላክበት ሲሲ የሚባለው ሳጥን ራሱ ካርቦን ኮፒ ከሚለው የመጣ ነው፤ ስለዚህ ካርቦን ያለው የደረሰኝ ጥራዝ ይዤ እገባለሁ። አንድ ልጅ ከላይ ይጽፋል፣ ጽሑፉ ከሥር ባለው ቅጠል ላይ ሲወጣ ሁሉም ያየዋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ቀጥሎ የወረቀት ኢሜይል እንላላካለን። ሁለት ልጆች ፖስተኛ ይሆናሉ። አንዷ ተማሪ ለ10 ጓደኞቿ «ነገ የስፖርት ልብስ ይዘን እንምጣ?» ብላ ትጽፋለች። አሥሩም «እሺ» የሚለውን ለእሷና ለቀሩት ዘጠኙ ሁሉ እንዲመልሱ አደርጋለሁ። 100 ወረቀት ይሆናል። ፖስተኞቹ ላብ በላብ ሆነው ሲሯሯጡ ክፍሉ ይስቃል፤ «ለሁሉም መልስ» የሚለው ቁልፍ መቼ እንደሚነካ ግን ያኔ ይገባቸዋል።

አክብሮቱ ላይ ጊዜ ውሰጂ። ልጆቻችን የሚጽፉት በቴሌግራም ልማድ ነው። «ቲቸር ላክልኝ» ብሎ ያቆማል። ስም የለ፣ ክፍል የለ፣ የምን እንደሚላክ የለ። አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ነው። በቃል «ቲቸር አንተ» ቢሉኝ አልቀየምም። በጽሑፍ ግን «እርስዎ» እንዲሉ አደርጋለሁ፣ ከጀመሩ ደግሞ እስከ መጨረሻው። «ይላኩልኝ» ብሎ ጀምሮ «ንገረኝ» ብሎ የሚጨርስ ብዙ ነው። ሰሌዳ ላይ የምጽፍላቸው ይህን ነው፦

ጉዳዩ፦ የ7ኛ ለ የሒሳብ የቤት ሥራ
ጤና ይስጥልኝ መምህር፣
ትናንት ታምሜ ስለቀረሁ የቤት ሥራዬን ዛሬ ልኬያለሁ። እባክዎ መድረሱን ያሳውቁኝ።
ከሰላምታ ጋር፣ ሙሉ ስም፣ ክፍልና ተራ ቁጥር

አባሪ መርሳት የሁሉም ችግር ነው። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ፦ መጀመሪያ ፋይሉ ይያያዛል፣ ቀጥሎ መልእክቱ ይጻፋል፣ አድራሻው መጨረሻ ይገባል። አድራሻ ከሌለ በስህተት አይላክም። የደብተር ገጽ በስልክ አንስተው የሚያያይዙ ከሆነም ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ እንደማይሸከም ንገሪያቸው።

ወርድ ላይ ብዙ ነገር አታሸክሚያቸው። ፋይሉን በስም ሴቭ ማድረግ፣ የት እንዳስቀመጡት ማወቅ፣ ወደ ፒዲኤፍ መቀየር ለመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ይበቃል። መብራት ስለሚጠፋ በየአንቀጹ ኮንትሮል ኤስ እያሉ ይሂዱ። አንድ ፈተና ግን ሞክሪ። ልጆቹ ርዕስ መሀል የሚያደርጉት ስፔስ እየደጋገሙ ነው። ጽፈው ሲጨርሱ «የፊደሉን መጠን ከ12 ወደ 16 ቀይሩት» በያቸው። በስፔስ የተገፋው ርዕስ ከቦታው ይሸሻል፣ በመሀል አሰላለፍ ቁልፍ የተሠራው ንቅንቅ አይልም።

የአማርኛ ፊደል ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። ልጁ ሰፈር ካለ ኮምፒውተር ቤት አስጽፎ በፍላሽ ያመጣዋል፤ ትምህርት ቤት ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ጽሑፉ በድሮዎቹ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን የሚለዩበት የጋራ ኮድ) ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች መጻፉ ነው። ያ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ፊደሉን አያውቀውም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንደ ኒያላ ባለ የዩኒኮድ ፎንት ከተጻፈ የትም ይነበባል። ይህን ለኮምፒውተር ቤቱ ልጅም እንዲነግሩት አድርጊ።

50 ልጅ በ18 ኮምፒውተር ማለት ሦስት ሦስት ነው። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያነብለታል፣ አንዱ ስህተት ይለቅማል። በየ10 ደቂቃው ይቀያየራሉ። ሰዓቱን አንቺ ያዢ፤ ካልያዝሽ አንዱ ጎበዝ እስከ ደወል ድረስ ኪቦርዱን አይለቅም።

የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ለመውጫ ብቻ ተያቸው። አንድ ዓመት አንዲት ተማሪዬ አካውንቷን ሳትዘጋ ወጣች። ቀጥሎ የገባ ልጅ በእሷ ስም ለጓደኛዋ ስድብ ላከ። ልጅቷ ለአንድ ሳምንት ትምህርት ቤት መምጣት አልፈለገችም። እናቷ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ፤ ሳይን አውት ማድረግን አስተምሬያለሁ እንጂ አላየሁላቸውም ነበር። አሁን እያንዳንዱ ስክሪን መዘጋቱን በዓይኔ ሳላይ በሩን አልከፍትም።

የወረቀት ኢሜይሉን ቅጽ ከፈለግሽ እዚሁ እለጥፍልሻለሁ። አንድ ኤ4 ላይ ሁለት ይወጣል፤ ለ50 ተማሪ 25 ወረቀት ይበቃሻል። ለፖስተኞቹ ጨዋታ ግን የጀርባው ያልተጻፈበት የድሮ የፈተና ወረቀት ሰብስቢ።