ዳማከሴ እንዴት ይፈተናል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ምች ሲመታን እናቴ ዳማከሴ አሽታ ጭማቂውን በቡና ታጠጣናለች፣ ይሻለናልም። ታዲያ መሻላችን ካልበቃ ተመራማሪዎች መድኃኒትነቱን የሚያረጋግጡት እንዴት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የእናትሽን እውቀት አልንቅም፤ ምርምሩም የሚነሳው ከሱ ነው። ግን መሻላችሁ ብቻውን አይበቃም። ምች የምንለው ብዙ ጊዜ በራሱ የሚለቅ ሕመም ነው፤ ዳማከሴው አዳናችሁ ወይስ ቀኑ ደርሶ ለቀቃችሁ፣ በምን ይለያል?

መጀመሪያ ተክሉ ዳማከሴ መሆኑን የዕፅዋት ባለሙያ ያረጋግጣል። ቅጠሉ ጥላ ላይ ደርቆ ይፈጫል፣ በውሃ ወይም ሜታኖል በሚባል የአልኮል ዓይነት ተዘፍዝፎ ይጣራል፣ ፈሳሹ ሲተን ወፍራሙ ጭማቂ ይቀራል። ለባክቴሪያ ከሆነ፣ ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ ይደረግና በማግስቱ ዙሪያው ምን ያህል እንደጸዳ በሚሊሜትር ይለካል። ለትኩሳት ከሆነ አይጦች ላይ ነው፤ አንዱ ቡድን ጭማቂውን፣ ሌላው የታወቀ መድኃኒት፣ ሦስተኛው ውሃ ብቻ ይሰጠዋል። ዋናዋ ይቺ ሦስተኛዋ ናት፣ ያለሷ ማወዳደር የለም።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ መጠኑ ነው። ኮሶ ትል እንደሚያስወጣ ማን ያጣዋል፣ ሲበዛ ግን ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ደግሞ ሳህን ላይ ባክቴሪያ የገደለ ሁሉ ሰው ላይ ይሠራል ማለት አይደለም፤ በሰው ላይ መሞከር የራሱ ፈቃድና ብዙ ዓመት ይፈልጋል። እስከዚያው ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አትስጡ። ትኩሳቱ ካልበረደ ደግሞ ወባ ሊሆን ይችላልና ቶሎ ጤና ጣቢያ ሂዱ።